እጅሽን ዘርጊ

ሰርግ ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ "ያንቺንም ያሳየን" ያላለችኝ የሙሽራ አክስት የለችም። እኔም ካሜራውን ከዓይኔ ሳላወርድ "አሜን" እላለሁ። በአንድ ወር ስምንቴ ያልኩበት ጊዜ አለ፤ እስካሁን የሰማኝ የለም። ከዚያ ቡራዩ ወደተከራየኋት አንድ ክፍል እመለስና ጫማዬን አውልቄ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እላለሁ። ድሮ ልክ በዚያ ሰዓት ስልኬ ይጠራ ነበር። ሱሉልታ ያለው አባቴ ነው።

"ገባሽ?"

"ገብቻለሁ አባዬ፣ ደክሞኛል" እለውና እዘጋዋለሁ። ሌላ ወሬ ይኖረው እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ለቀብሩ ፎቶ ሲፈለግ ከእኔ ኮምፒውተር ውስጥ አንድም የእሱ ፎቶ አልተገኘም። የሰው አባት ስንት ሺህ ጊዜ አንስቻለሁ፤ የራሴን ግን ለበዓል ስሄድ፣ ለክረምት ስሄድ እያልኩ ቀረሁ። በመጨረሻ የመታወቂያው ጉርድ ፎቶ እንዲያድግ ተደረገ፣ ማኅተሙ ግማሽ ግንባሩን እንደሸፈነ። የፎቶ አንሺዋ አባት በመታወቂያ ፎቶ ተሸኘ። ለቀስተኛው ምንም አላለም፤ እኔ ግን ያላለውን ሁሉ ሰምቻለሁ።

ስለዚህ የሰበታዋ ሙሽራ "አባዬ ፎቶ አይወድም። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ፣ ሲመርቀኝ ፊቱን ብቻ ያዢልኝ" ስትለኝ፣ እንደ ሌላው ሙሽራ ልመና በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ አላለፍኩትም። "እሱን ለእኔ ተይው" አልኳት።

ሰርጉ የቤት ሰርግ ነበር። አዳራሽ የለ፣ የመኪና ሰልፍ የለ፤ ግቢው ውስጥ አንድ ድንኳን፣ ሶፋው ወጥቶ አግዳሚ የገባበት ሳሎን፣ አርባ የማይሞላ ሰው። ከዓለም ገና በባጃጅ ስገባ አባትየው በር ላይ ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ። ረጅም ገበሬ ናቸው፤ አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል። ሙሽራዋ የመጨረሻ ልጃቸው ናት፤ ከዚያ ቀን በኋላ ያ ቤት የእሳቸው ብቻ ነው።

ካሜራዬን ወደ እሳቸው ባዞርኩ ቁጥር እሳቸውም ይዞራሉ፤ ወደ በሩ፣ ወደ ጠላው እንስራ፣ ወደ ጎረቤት አጥር። "አባባ፣ እባክዎ አንዴ ወደዚህ" ስላቸው፣ "ሙሽራዋን አንሺ ልጄ፣ እኔን ምን ታደርጊኛለሽ" ይላሉ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ የያዝኩት ትከሻና ጆሮ ብቻ ነበር። አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው።

ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር መጣ። መሄጃው ሲደርስ አባትየው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ ቦታዬን ከጠዋት ጀምሬ መርጫለሁ፤ የመስኮቱ ብርሃን ፊታቸው ላይ የሚያርፍበት፣ መሬት ተንበርክኬ። ሙሽራዋ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ቀኙን፣ ግራውን፣ እንደገና ቀኙን። እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ምርቃቱን ሊቀበል መዳፉን ዘረጋ።

"ሆራ፣ ቡላ..." ብለው በኦሮምኛ መመረቅ ጀመሩና አቆሙ። ቀና አሉ። ቀኑን ሙሉ ያሳደድኩት ፊት ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ፊት ለፊቴ መጣ። የሚያዩት ግን እኔን ነበር።

"ሀርካ ኬ ዲሪርሲ" አሉኝ። ያልገባኝ መስሏቸው በአማርኛ ደገሙት፤ "እጅሽን ዘርጊ እንጂ ልጄ። አንቺ ብቻ ልትቀሪ ነው?"

ፎቶው ያ ነበር። የሚያስፈልገው አንድ ጣት ነው፤ ጣቴም ቁልፉ ላይ ነበረ። ግን ሰውዬው የሚጠብቁት እኔን ነው። አርባ ሰው መዳፉን ዘርግቶ እኔን ይጠብቃል። እንደዚያ የጠበቀኝ ሰው ከነበረ ስንት ጊዜው! ካሜራውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና ሁለቱንም እጆቼን ዘረጋሁ።

"ውለዱ፣ ክበዱ። እዚህ ቤት ያላችሁ ሁሉ፣ ሰው አይንሳችሁ" አሉ።

"አሜን" አልን። ካሜራውን መልሼ ሳነሳ ሙሽራዋ ቆማ ነበር፤ እሳቸውም ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነዋል።

እኛ ፎቶ አንሺዎች ኬክ ሁለቴ እናስቆርሳለን፣ ቀለበት ሁለቴ እናስጠልቃለን። በሥራ ልማድ ጠጋ አልኳቸውና "አባባ፣ እንደገና አንዴ ቢመርቋት?" አልኳቸው።

"ምርቃት ለፎቶ ይደገማል እንዴ?" ብለው ሳቁና ሊሸኙ ወጡ።

በሳምንቱ ስምንት መቶ ፎቶ አገላበጥኩ። ከምርቃቱ የተረፈው አንድ ነው፤ የሱሪያቸው ጉልበት፣ የሙሽራዋ ፓውደር እንዳረፈበት። "ካርዱ ተበላሸ" የምትባለው የሙያችን ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ለሙሽራዋ ደወልኩና እውነቱን ነገርኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ቀና ስል ካሜራው ጭንሽ ላይ ነበር።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"በጣም ነው ያዘንኩብሽ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመንኩሽ።" ከዚያ፣ "አባዬ በደወለ ቁጥር ስለ አንቺ ይጠይቀኛል" አለች። "'ያቺ ፎቶ የምታነሳዋ ልጅ በዚያ ሁሉ ዕቃ ብቻዋን ነው የሄደችው፤ ገባች ወይ?' ይለኛል። ምን ልበለው?"

"ገብታለች በያቸው" አልኳት። የመጀመሪያው አልተሰማትም፤ ሁለቴ ነው ያልኩት።