ለሠርጌ ፎቶ አንሺ ፍለጋ ድሬዳዋ ድረስ

ቅዳሜ፣ ከአዳማ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ስደርስ የድሬዳዋው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ሠርጌ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ድግሱ ያለው ተወልጄ ባደግኩባት፣ ወላጆቼም በሚኖሩባት ድሬዳዋ ነው። አዳራሹ ተይዟል፣ ቬሎውም ተሰፍቷል፤ የቀረን ፎቶ አንሺ ነበር። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ለአጋማሽ ዓመት ሲዘጋ ጊዜ አገኘሁ። እጮኛዬ ኤልያስ ግን መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ስለከለከለው፣ የወደድሽውን ምረጪ ብሎ ሸኘኝ።

ለኤልያስ ያልነገርኩት ሌላ ጉዳይም ነበረኝ። አባቴን ዓምና ስትሮክ መትቶት ነበር። ተሽሎታል፣ በከዘራም ይራመዳል፤ የፊቱ ግራ ጎን ግን ወደ ታች ወርዶ ቀረ፣ ንግግሩም ዘገየ። እናቴ ከመነሳቴ ሁለት ቀን ቀድማ ደውላ፣ አባትሽ በዚህ ፊቴ ፎቶ ላይ አልወጣም ብሏል አለችኝ። የሠርጉ ዕለት ጉልበት ስስም የሚመርቀኝ አጎቴ እንዲሆን፣ እሱ ጓዳ እንዲቆይ ወስኗል። ሠላሳ ዓመት የባቡር መካኒክ የነበረ ሰው ነው፤ አንዴ ከወሰነ የሚመልሰው የለም።

መንገዱ

መተሐራ ስንደርስ ነግቶ ነበር፤ የበሰቃ ሐይቅ አስፋልቱን ታኮ እንደ ቆርቆሮ ያበራል። አዋሽ ላይ ለቁርስ ወረድን። እንቁላል ፍርፍር በዳቦና ሻይ መቶ ሃምሳ ብር ከፈልኩ። ከዚያ ሚኤሶን አልፈን ወደ አሰበ ተፈሪ ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ፤ የታጨደ ማሽላ በየማሳው ተከምሯል፣ ሂርና አካባቢም ጫት የጫኑ ፒክአፖች በኩርባው ላይ እየቀደሙን ነፍሳችንን ሊያወጧት ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ ሩቂያ የሚባሉ፣ ድሬ ታይዋን ገበያ ልብስ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ለምን እንደምሄድ ጠይቀውኝ ነገርኳቸው። የልጃቸው ሠርግ ላይ ሴቶቹ ለብቻቸው ስለሚጨፍሩ ወንድ ካሜራ ይዞ መግባት እንደማይችል፣ ያኔ መጋላ ሰፈር ያለች ሆዳን የምትባል ፎቶ አንሺ እንዳነሳችላቸው አጫወቱኝ። ሥራዋ እንዴት ነው ስላቸው፣ ትንሽ አሰብ አድርገው፣ መኖሯን ረስተነው ነበር አሉኝ። ያን ጊዜ ይህ ሙገሳ መሆኑ አልገባኝም። ቁጥሯን ግን ያዝኩ።

ከደንገጎ ቁልቁል ስንወርድ በየኩርባው ሙቀቱ ጨመረ፤ ሰው ሁሉ ጃኬቱን ማውለቅ ጀመረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድሬ ገባን።

ቤት

አባዬ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር። ሳቅፈው ቀኝ ጉንጩን ሰጠኝ። ስናወራም ወንበሩን በግራ በኩል ወደ ግድግዳው አስጠግቶ እንደተቀመጠ አየሁ። ስለ ሠርጉ ሁሉንም ጠየቀኝ፤ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ሚዜዎቹ፣ ስለ ከብቱ። ስለ ፎቶ ሳነሳበት ግን ደክሞኛል ብሎ ገባ።

እሑድ፣ ከዚራ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከዚራ ሰፈር ወዳለ ትልቅ ስቱዲዮ ሄድኩ። ባለቤቱ ትሁት፣ ሥራውንም የሚያውቅ ወጣት ነው። በሦስት ካሜራ፣ በድሮንና በቆዳ አልበም የሚሠራውን በትልቅ ስክሪን አሳየኝ፤ ዋጋው ዘጠና ሺህ ብር ነው። ስለ አባቴ ስነግረው፣ አታስቢ፣ ይስተካከላል አለኝ። ከስልኬ ላይ የአባዬን ፎቶ ወስዶ ሻይዬን ሳልጨርስ የወረደውን ከንፈር አንስቶ፣ ዓይኑንም አቅንቶ አተመልኝ። አባዬ ከመታመሙ በፊት የነበረውን መሰለ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ ባጃጅ ይዤ ወደ ቤት ከነፍኩ።

አባዬ ፎቶውን ተቀብሎ አየው። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መለሰልኝና ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፦

“ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው። እሱ ይመርቅሽ።”

ተነስቶ ገባ። እሱ ያፈረበትን ፊት እኔም እንዳፈርኩበት በወረቀት አሳትሜ ሰጥቼዋለሁ። ምሳ ሳንበላ ዋልን።

ሰኞ፣ መጋላ

ጠዋት ለሆዳን ደወልኩላት። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ፣ በመጋላ ጠባብ መንገዶች ከቅመማ ቅመም ሱቆቹ ጀርባ አንድ ፎቅ ላይ አገኘኋት። ሠላሳዎቹን የተሻገረች፣ ፈጣን ሴት ናት፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ እያወራች ለሚደውልላት ሁሉ አንዴ በሶማሊኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ ትመልሳለች። ሻይ በወተትና ሳምቡሳ አስመጣችልኝ። አልበም ታሳየኛለች ብዬ ስጠብቅ ደብተር አውጥታ ትጠይቀኝ ጀመር። ሙሽራው በስንት ሰዓት ይመጣል፣ ፀሐይዋ ያኔ የት ናት፣ ያረጁ ዘመዶች እነማን ናቸው። ቀጥላም፣

“ከቤተሰቡ ፎቶ የማይወድ ማነው?” አለችኝ።

የእሑዱን ጨምሬ ሁሉንም ነገርኳት። ፊት እንደማታስተካክል፣ አባቴን አሳምናለሁ ብላም ቃል እንደማትገባልኝ ነገረችኝ። ግን ቤቱን ማየት አለብኝ አለች።

አሥር ሰዓት ላይ መጣች። ካሜራዋን ከቦርሳዋ አላወጣችም። አባዬ ዛፉ ሥር ነበር፤ ሰላም ብላው፣ ታላቁንም አንቱ እንደማይል የድሬ ልጅ “አንተ” እያለች ታወራው ጀመር። ከታመመ ወዲህ ሰው ሁሉ አንቱ እያለ ሲያባብለው ስለከረመ ቀና ብሎ አያት።

“አባባ፣ አንተ እዚህ ትውላለህ አሉኝ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የዛፉ ጥላ የት ይደርሳል?” አለችው።

እስከ በሩ ደፍ አላት። አላመነችውም፤ እስከ መስኮቱ ነው የሚሆነው ብላ ተከራከረችው። አባዬ ከዘራውን ይዞ ተነሳና መሬቱ ላይ መስመር አሰመረላት፤ በክረምትና በበጋ ያለውን ልዩነት፣ የጎረቤት ግድግዳ የሚመልሰውን ብርሃን ሁሉ አስረዳት። እኔን ደፉ ላይ አቆመኝ፣ እናቴን ወንበር አስመጣት። መካኒክነቱ ተመለሰበት። ቃል ሲያመልጠው ቆማ ትጠብቀዋለች፤ አትሞላለትም። ካሜራዋ መቼ እጇ እንደገባ አላየሁም።

ሲጨርስ፣ አንስቼሃለሁ፣ ካልወደድከው አሁኑኑ ይጠፋል ብላ አሳየችው። እኔም ከትከሻው በላይ አየሁ። እናቴ ወንበሩን ገልብጣ በማምጣቷ እኔና አባዬ ስንስቅ ነው። የአባዬ ግራ ጎን እንዳለ ነው፤ ሳቁ በሙሉ ወደ ቀኝ ሄዷል።

አባዬ እናቴን፣ “እንዲህ ነው እንዴ የምስቀው?” አላት።

“ስታገባኝም እንዲህ ነበር የምትስቀው። በደንብ አላየኸውም እንጂ” አለችው።

አባዬ ሆዳንን አታጥፊው አላት።

ማክሰኞ

ከሆዳን ጋር ተስማማን። ለሁለት ቀን ከአንድ ረዳት ጋር አርባ አምስት ሺህ ብር፤ ፎቶዎቹን በሁለት ቦታ ታስቀምጣለች፣ እኛ ሳንፈቅድ ደግሞ አንዱንም ኢንተርኔት ላይ አትለጥፍም። ሁሉንም በወረቀት ጻፍነው። ቤተ ክርስቲያን ሄደን የት መቆም እንደሚፈቀድላት ጠየቅን፤ የከዚራን ባለ ዛፍ ጎዳናም በእግር አየነው።

ልትሰናበት ወደ ቤት ስትመጣ አባዬ ጠራት። ጉልበት ሲሳም ከየት እንደምትቆም ጠየቃት። ከፊትህ ነዋ፣ ትንሽ ዝቅ ብዬ አለችው። አባዬም፣

“የእኔ ምርቃት ዘገምተኛ ነው፤ ቃሉ ቶሎ አይወጣልኝም። ሳልጨርስ ካሜራሽን እንዳታወርጂ” አላት።

“ወላሂ አላወርድም” አለች።

እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ረቡዕ፣ መልስ

በባቡር ተመለስኩ። ጣቢያው ከከተማው ውጭ መልካ ጀብዱ አቅጣጫ ስለሆነ በማለዳ በባጃጅ ሄድኩ። አዳማ ስደርስ ኤልያስ ጣቢያ ጠበቀኝ። ፎቶ አንሺዋ ድሮን አላት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ግን ሳልጠይቃት እንደመጣሁ ያኔ ነው የታወቀኝ፤ አባዬን ጨምሮ ሁሉንም መንገድ ላይ ነገርኩት።

ይህን የምጽፈው የእኔ ዓይነት ጉዳይ ላለበት ሰው ነው። ፎቶ አንሺ ስትመርጡ ሥራውን እዩ፣ ውሉን ጻፉ፤ ከሁሉ በፊት ግን ሰውዬው ወይም ሴትየዋ ከቤተሰባችሁ ዓይናፋሩ ጋር እንዴት እንደሚያወሩ ተመልከቱ። እኔ አባዬን ወደ ድሮ ፊቱ ልመልሰው ስሮጥ፣ ሆዳን ባለበት አገኘችው።

ትናንት እናቴ ደወለች። አባትሽ ጠዋት ጠዋት ዛፉ ሥር ተቀምጦ ምርቃቱን ይለማመዳል፣ ጉልበት የሚስም ሰው ሲያጣ እኔን ይጠራኛል አለችኝ። “በአንድ ሳምንት ሰባት ጊዜ ዳረኝ” አለች።