ሐረገወይን ሐኪሙን የፈተነችበት ቀን

ባለቤቴ ሐረገወይን ማክሰኝት ገበያ እህል ትነግዳለች። ጤፍ ስትገዛ ከላይ ያለውን አታምንም፤ እጇን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርኗ ሰዳ ከሥር አውጥታ ታያለች። ከሰውም ጋር እንዲያው ናት። እኔ መጻፍ ብዙም አልችልበትም፣ ግን ይህችን አንዷን ነገር ልናገር።

ልጃችን ዓለምነው ሲወለድ ሽንቱ ጠብ ጠብ ነበር የሚለው። ጎንደር ወስደነው፣ ከማኅፀን ጀምሮ የሽንቱን መውጫ የዘጋ ነገር አለ ተብሎ በቀዶ ጥገና ተከፈተለት። ከዚያ ወዲያ እንደ ማንም ልጅ ይሸናል። እኛ ዳነ አልን። እዚያ ያከመው ዶክተር ነጋ ግን በየጊዜው አምጡት ይላል። መውጫው ቢከፈትም ኩላሊቱ ቀድሞ ተጎድቶ ከሆነ ልጁ ሲያድግ ይደክማል፣ ያንን ከአሁኑ ማወቅ አለብኝ አለን።

ለሐረገወይን አልተዋጠላትም። ይህ ችግር የሚይዘው ወንዶችን ብቻ ነው ሲላት ደግሞ ጭራሽ ጠረጠረች። ጊዜው ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና የሚመዘግብበት ነበር።

«በሽታ ወንድና ሴት መርጦ ያውቃል?» አለችኝ። «ወንዱን ገና በልጅነቱ ለውትድርና እየጻፉት ነው እኮ።»



ለቀጠሮው የልጁን ሽንት በብልቃጥ ይዛችሁ ኑ ተብለን ነበር። ጠዋት ብልቃጡን ለእኔ ሰጠችኝ። ምነው ብላት፣ ሰውየው ዝም ብሎ የሚያወራ ከሆነ እናያለን አለች። አፈርሁ፤ ግን ሞላሁላት።

ዶክተሩ ከሽንቱ ጥቂት በመስተዋት ቱቦ አድርጎ በእሳት አፈላው። ጥርት ብሎ ቀረ። ፊቱ ፈካ። ኩላሊቱ ተጎድቶ ቢሆን ሲፈላ ይደፈርስ ነበር፣ ሸጋ ነው፣ ከእንግዲህ በዓመት አንዴ ይበቃችኋል አለ።

ሐረገወይን ነጠላዋን ጨብጣ ቆመች።

«የእሱ አይደለም» አለች።

«የማን ነው ታዲያ?»

ወደ እኔ ጠቆመች። መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። ዶክተሩ ሊቆጣ ነበር መሰለኝ፣ ተወው። «እንግዲያው አባትየው ጤነኛ ነው» አለ።

ልጁን እዚያው አሸንቶ አፈላው። እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጭ ሆኖ ደፈረሰ። ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይድገሙት።»

ደገመው። ያው ሆነ።

«ይሞትብኛል?»

ኩላሊቱ መቼ እንደሚደክም ቁርጡን ልነግርሽ አልችልም አላት፤ ጎረምሳ ሲሆን ግን ይከብደዋል፣ ቶሎ ቶሎ ካየሁት የማደርግለት አለ።

ዐይን ዐይኑን አየችው። «ለቀበሌ የሚሰጡት ነገር የለም?»

«የለም።»

ያመነችው አይመስለኝም። ቢሆንም ቀጣዩን ቀጠሮ ጠየቀች፤ ከዚያ ወዲህም አንድ ቀን አልቀረንም። ሽንቱን ከቤት አታመጣም። ልጁን እዚያው ታሸናዋለች፣ ሲፈላም ዶክተሩ አጠገብ ቆማ ታያለች።