በበቅሎ ሂሳብ ወደ አስመራ

ሸዋ ሮቢት፣ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ

ከአዲስ አበባ የመጣው የጭነት መኪና ሮቢት አድሮ ሊነሳ ነው። እማዬና እኔ ከሹፌሩ ከበርሄ ጎን ጋቢና ውስጥ ተጣበን ተቀምጠናል።

እህቴ ያገባችው አስመራ ነው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ሊገባ መሆኑን በሰው ሰማን። አባቴ የድሮ ሲራራ ነጋዴ ነው፤ አስመራ ድረስ በቅሎ ነድቷል። «መንገዱ ከወር በላይ ነው። ለምጡ አትደርሺም፤ ለክርስትናው ግን ትደርሻለሽ» ብሎ ፈረደ። በመኪና እኮ ነው የምንሄደው ስለው፣ «መኪናስ ቢሆን አይደክመው?» አለኝ።

እማዬ አልቅሳ አልቅሳ ምጡን ተወችው። «ሌላ ሰው ይመርቃታል፤ እኔ ከወለደች በኋላ ደርሼ ‹እንኳን ማርያም ማረችሽ› ልበላት» አለች። የገንፎውን ቅቤና ዱቄት እቤት ትታ የሕፃን ነጭ ልብስና ወር ሙሉ የሚበላ በሶ ጭና መጣች። በርሄ ስልቻዎቹን አይቶ፣ «እማማ፣ ጦር ሠራዊት ልንቀልብ ነው?» አለ።

አጣዬ፣ ረፋድ ላይ

ማሽላው በግራ በቀኝ ይሮጣል። ሙቀት፣ አቧራ፣ ግመል፣ ድንጋይ የሚፈልጡ ሰዎች፣ እንደገና አቧራ። እማዬ መጀመሪያ ዓይኗን ጨፍና ትጸልይ ነበር፤ ከዚያ አንዱን ገለጠች፤ አሁን አንገቷን በመስኮት አውጥታለች። ኬላው ላይ የቆመው የጣሊያን ወታደር የይለፍ ወረቀታችንን አገላብጦ አየና አሳለፈን። በሆዷ ረገመችው።

«ይሄ የት ነው?»

«አጣዬ» አለ በርሄ።

«ውሸት! ባሌ እኮ አጣዬ የሚገባው መንገድ አድሮ ነው።»

«እማማ፣ እሑድ አስመራ ይገባሉ።»

«የትኛው እሑድ?»

«የፊታችን ነዋ!»

እማዬ በጣቷ ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። ከዚያ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «አልወለደችም! ልጄ ገና አልወለደችም እኮ!» ወዲያው ደግሞ ጮኸች፦ «ቅቤዬን! ውይ ቅቤዬን!»

ካራቆሬ፣ ቀትር

በርሄ ገበያው ዳር አቆመልን። እማዬ በሶዋን አሸክማኝ ቅቤ ሻጯ እትዬ ዘሐራ ዘንድ ሄደች፤ በሶውን በቅቤና በገብስ ዱቄት እንለዋወጥ አለቻት።

«ለማን ነው ይሄ ሁሉ?»

«ለአራስ ልጄ። አራስም አይደለች፣ ገና ናት! አስመራ ናት፣ እሑድ እደርስላታለሁ!»

«አስመራ? ለእሑድ? ሱብሐነላህ! በይ አላህ በሰላም ይገላግላት» ብላ እትዬ ዘሐራ አንድ ጭልፋ ቅቤ ጨመረችላት። እማዬ ግን ገና አልጠገበችም፤ ለጨው ሻጩም፣ ለግመል ነጂውም እሑድ እሑድ እያለች ትናገራለች። እኔም ያለ ምክንያት እስቃለሁ።

መኪናው ሲነሳ ፊቷ ጠቆረ። «ጠላት በሠራው መንገድ እንዲህ መፈንደቄ ኃጢአት ይሆን?»

«ድንጋዩን የፈለጠው የኛው ሰው ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያውስ ንዳው!»

አስመራ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ደሴን፣ ማይጨውን፣ መቀሌን አለፍን። ቅቤው ቀልጦ ሱሪዬን አበላሸው። እማዬ ባደርንበት ሁሉ «ትጠብቀኝ ይሆን?» ትለኛለች፤ እኔም ትጠብቅሻለች እላለሁ እንጂ ልቤ ፈርቷል።

በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። እህቴ ከፈተችው፤ ሆዷ ቀድሟት ወጣ። እማዬን ከኋላዬ ስታይ መቃኑን ያዘች።

«እማዬ! በምን መጣሽ?»

እማዬ መንገዱን ሙሉ ቅቤ ይዞ የሰነበተ እጇን በእህቴ ሆድ ላይ አሳረፈችና፣ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ፣ ልጄ» አለቻት።