ከራዲዮው ጎን ቆሜ

ባሕር ዳር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት አምስተኛ ክፍል ሳይንስ እንዳስተምር ተመደብሁ። «እንዳስተምር» ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ የሚያስተምረው ራዲዮው ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ትምህርት ቤታችን ከጣና ዳር ብዙም አይርቅም፤ ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር የደንገሉ ሽታ ክፍል ድረስ ይገባል። ከልጆቹ ግማሾቹ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ናቸው፤ አባቶቻቸው ከሸዋም ከወሎም ሥራ ፍለጋ የመጡ። የቀሩት የአገሩ ተወላጆች ሲሆኑ፣ በየደሴቱና በየዳርቻው ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት የሚያገለግሉ የካህናት ልጆች በመካከላቸው ብዙ ነበሩ። አንድ ክፍል ውስጥ ከሰማንያ በላይ ሆነው በአንድ ዴስክ ላይ አራት አምስት እየሆኑ ተጣበው ይቀመጣሉ።

የራዲዮ ትምህርት በሳምንት ሁለት ቀን አለ። ሰዓቱ ሲደርስ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ራዲዮውን ከዳይሬክተሩ ቢሮ አቅፈው ያመጡና ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጡታል። የመምህሩ መምሪያ የእኔን ሥራ ለይቶ አስቀምጦታል፦ ከስርጭቱ በፊት ልጆቹን ማዘጋጀት፣ በስርጭቱ ጊዜ ጸጥታ ማስከበር፣ ከስርጭቱ በኋላ ማብራራት። ከስርጭቱ በኋላ ግን ወዲያው ደወል ነው። ስለዚህ የቀረልኝ ጸጥታ ማስከበር ነበር። ማሠልጠኛ ገብቼ ስለ ማስተማር ዘዴ ስንት ነገር ተምሬ የመጣሁ ሴት፣ ማስመሪያ ይዤ ከራዲዮ ጎን እቆማለሁ።

ድምፁ የወንድ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ደግ ድምፅ። ሰውየውን አልጠላሁትም። የሚያበግነኝ ልማዱ ነው። ይጠይቃል፤ ልጆቹ እንዲመልሱ ትንሽ ዝም ይላል፤ ከዚያ «ጎበዞች! ልክ ናችሁ!» ይላል። ምንም ይመልሱ ምን፣ ጎበዞች ናቸው። አፋቸውን ዘግተው ቢቀመጡም ጎበዞች ናቸው።

አንድ ማክሰኞ ትምህርቱ ስለ ውሃ መትነን ነበር።

«ልጆች፣ ሐይቅ ላይ ያለ ውሃ ፀሐይ ሲያሞቀው ወዴት ይሄዳል?» አለ ድምፁ።

ክፍሉ ባንድ አፍ፣ «ወደ ጢስ ዓባይ!» ብሎ ጮኸ።

«ጎበዞች! ልክ ናችሁ!» አለ ራዲዮው።

የጣና ውሃ በዓባይ ወጥቶ ጢስ ዓባይ ላይ እንደሚወርድ እዚያ አገር ያደገ ሁሉ ያውቃል። የተጠየቁት ግን ሌላ ነው። ራዲዮው ስለ ተንና ስለ ደመና ሲቀጥል እነሱ ልክ በመሆናቸው ተደስተው እርስ በርስ ይጎሻሸማሉ፤ የሚሰማው የለም። ደወሉ ሊደወል ጥቂት ሲቀረው፣ «ልጆች፣ የተጠየቃችሁት ስለዚያ አይደለም። ፀሐይ ያሞቀው ውሃ የሚሄደው ወደ ላይ ነው» አልኋቸው።

ፊት ለፊቴ የተቀመጠ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ተነሣና፣ «እትዬ፣ ልክ ናችሁ ብሏል እኮ!» አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ደገፈው። ከአዲስ አበባ ድረስ የሚናገር ሰው እያለ እኔን ማን ይሰማኛል?

ለዳይሬክተሩ ነገርኋቸው። በዕድሜ የገፉ፣ ረጋ ያሉ፣ ነገር የማይወዱ ሰው ነበሩ። ይሥቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሣቁም።

«ራዲዮው አይሰማም፤ አንቺ ትሰሚያለሽ። ስርጭቱ ሲያልቅ አርሚያቸው» አሉኝ።

«ሲያልቅ እኮ ደወል ነው።»

«እንግዲህ ፕሮግራሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ከበላይ ነው የመጣው» አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ሐሙስ ስርጭቱ ያንኑ ርዕስ ይቀጥላል። ከቤቴ የከሰል ምድጃና አንድ ብረት ድስት ከነክዳኑ ይዤ ሄድሁ። ዘበኛው ራዲዮውን አስቀምጠው ወጡ። ድምፁ «ጤና ይስጥልኝ፣ ልጆች» እንዳለ ቁልፉን ጠምዝዤ ዘጋሁት። ስንት ጊዜ በማስመሪያ ያላስከበርሁት ጸጥታ ያን ጊዜ በራሱ መጣ።

«ዛሬ የምጠይቃችሁ እኔ ነኝ። ስትሳሳቱም ተሳስታችኋል እላችኋለሁ» አልኋቸው።

ውሃው ሲፈላ ክዳኑን አንሥቼ በውስጥ በኩል የያዘውን ጠብታ በየዴስኩ እያዞርሁ አሳየኋቸው። በጣታቸው ነኩት።

«ይኼ ጠብታ ከየት መጣ?»

«ድስቱ አልቦት ነው!» አለ አንዱ።

«አይደለም።»

«ውሃው ተንጣጥቶ ነው!»

«አይደለም። እየው፣ ውሃው ከክዳኑ አይደርስም። እንዴት ወጣ?»

አንዲት የመሪጌታ ልጅ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቅ፣ ቀስ ብላ ተነሣች።

«እትዬ፣ በበጋ ጣና ከዳር የሚሸሸውስ እንዲህ እየሆነ ነው? አባቴ ታንኳ የሚያስርበት ቦታ በጋ ሲገባ ደረቅ መሬት ይሆናል።»

«ወደ ጢስ ዓባይ ስለሚሄድ ነው!» አላት አንዱ ከኋላ።

ዞራ፣ «ወደ ጢስ ዓባይማ ክረምትም ይሄዳል!» አለችው።

ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ዓባይ ነው፣ ገሚሱ ፀሐይ ነው እያለ ዴስክ ላይ ወጥቶ ይሟገታል። እኔ ማስመሪያዬን የት እንዳስቀመጥሁት እንኳ አላውቅም። መምህር ከሆንሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የልጅቱን ጥያቄ አንሥቼ ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት እንዳለ ላስረዳቸው አፌን ስከፍት በሩ ተንኳኳና ዳይሬክተሩ ገቡ።

«ራዲዮው ተበላሸ እንዴ? ድምፁ ጠፋብኝ።»

«አልተበላሸም። ዘግቼው ነው።»

ምድጃውን አዩ፤ ድስቱን አዩ፤ ዴስክ ላይ የቆሙትን ልጆች አዩ። ሄደው ራዲዮውን በገዛ እጃቸው ከፈቱት። «…ጎበዞች! በሚቀጥለው ስርጭት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ» አለ ድምፁ፤ ደወሉም ተደወለ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የመምህራን ስብሰባ ነበረን። ሂስና ግለ ሂስ የሚባለው ነገር በየመሥሪያ ቤቱ የሚካሄድበት ጊዜ ነው። የውይይት ክበቡን የሚመራው ወጣት መምህር ተነሥቶ ስለ ሌላ ስለ ሌላው ሲናገር ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

«ከማዕከል ለሰፊው ሕዝብ ልጆች የሚተላለፍን ትምህርት አፍኖ በድስት መተካት ምን ይባላል? ጓድ መምህርት ቢያስረዱን።»

ድስት ሲል አንድ ሁለት ሰዎች ሣቁ፤ እሱ እንዳልሣቀ ሲያዩ ዝም አሉ። ሌሊቱን ያሰብሁትን ልናገር ተነሣሁ።

«ማክሰኞ ዕለት ልጆቹ ምን ብለው እንደመለሱ ብትሰሙ…»

«የልጆቹን መልስ አልጠየቅንም። የተጠየቀው ራዲዮው ለምን ተዘጋ የሚል ነው።»

ዳይሬክተሩን አየኋቸው። ጠረጴዛውን ያያሉ። አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት መምህርት ነጠላዬን ሳብ አድርገው፣ «በሞቴ፣ አጠፋሁ ብለሽ ተቀመጪ። የልጅ እናት ነሽ» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ራዲዮውን ሳላስፈቅድ በመዝጋቴ አጥፍቻለሁ» አልሁና ተቀመጥሁ። ተጨበጨበልኝ። ያ ሁሉ መምህር ተሰብስቦ ሳለ ልጆቹ ምን ተማሩ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አለመኖሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ ዳይሬክተሩ በስርጭት ሰዓት እየመጡ ከኋላ ይቀመጡ ጀመር። አንድ ቀን ራዲዮው እያወራ ሳለ የመሪጌታዋ ልጅ እጅዋን አወጣች። በዓይኔ አውርጂ አልኋት። አወረደች። ሁለተኛም አላወጣችም።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ከአውራጃው ተዘጋጅቶ መጣ። ስለዚያ ትምህርት የቀረበው ጥያቄ፣ ውሃ ሲሞቅ ወደ ተን ይለወጣል፤ እውነት ወይስ ሐሰት የሚል ነበር። ሁሉም ማለት ይቻላል «እውነት» ብለው ጻፉ። በመዝጊያው ስብሰባ ላይ ክፍላችን በራዲዮ ትምህርት ላሳየው ውጤት ተመሰገነ፤ እኔም ከሰው ጋር አጨበጨብሁ።

ወረቀታቸውን ስመልስ ሁሉንም አግኝቶ የደፈነውን ልጅ አቆምሁት።

«እስቲ ንገረኝ፣ ተን ምንድን ነው?»

ትንሽ አሰበና፣ «እውነት ነው፣ እትዬ» አለኝ።

በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ክፍል እንዲሰጠኝ አመለከትሁ፤ ሁለተኛ ክፍል የራዲዮ ትምህርት አልነበረውም፤ የሚጀምረው ከሦስተኛ ነው። ዳይሬክተሩ ግራ ተጋቡ። «ሰው ከታች ወደ ላይ ልውጣ ሲል ነው የማውቀው» አሉ። ምክንያቴን አልነገርኋቸውም፤ የገባቸው ይመስለኛል። ወዲያው ፈቀዱልኝ።

ሁለተኛ ክፍል ድካም ነው። ንፍጥ መጥረግ፣ እርሳስ መቅረጽ፣ ድምፅ እስኪዘጋ ፊደል ማስጮህ። ግን አንዲት ልጅ «ጸ»ን «ጰ» ብላ ስታነብ፣ «አይደለም፤ እስቲ እግሩን አስተውይና ድገሚው» እላታለሁ፤ እሷም ታስተውልና ትደግመዋለች። ለዓመታት በዚህ ቆየሁ። ሰኔ ሲመጣ ወደ ሦስተኛ ክፍል የሚያልፉትን ልጆች ግን ደስ ብሎኝ ሸኝቼ አላውቅም።