በቃኝ ብዬ የተወሰደብኝ ፓስታ

የዚያን ቀን የሠራሁት ሞኝነት ይህ ነው፤ እየራበኝ «በቃኝ» አልኩ።

ቦታው ጣልያን አገር፣ ወይን የለበሰ ኮረብታ ላይ ያለ የአንዲት ባልቴት ቤት ነበር። ሴትዮዋ ጓዳዋን ከፍታ ለመንገደኛ ምግብ ማብሰል ታስተምራለች። ጉዞውን ያሰናዳችው ሳን ሆዜ የምትኖረው ልጄ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ኦክላንድ ከተማ፣ ፍሩትቬል ሰፈር ባለችው አፓርታማዬ ብቻዬን ነኝ። ልጄ ደግሞ «እኔ ጋ ሙቭ አድርግ» ማለት ከጀመረች ከርማለች። እኔ አልፈልግም። ቤቷ ሰፊ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ሬሳ ለማሳረፍ የተመቸ ነው። ስለዚህ ተደራደርን፤ ምግብ ማብሰል ከተማርኩ ፍሩትቬል እቀራለሁ፣ ካልተማርኩ ዕቃዬን እሸክፋለሁ። እስከዚያ ዕድሜዬ ድረስ ወጥ ቤት የምገባው ውሃ ለመጠጣት ብቻ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

ሴትዮዋ ከጠዋት ጀምራ አቆመችን። ዱቄቱን ከምራ መሃሉን ጎድጎድ አደረገችና እንቁላል አፈረጠችበት። እኔም እንደሷ ባደርግ ክምሩ ተደርምሶ እንቁላሉ በጠረጴዛው በኩል ወደ ጫማዬ ወረደ።

«አባዬ፣ ፑሽ አድርገው እንጂ! ምን ታባብለዋለህ?» አለች ልጄ።

«በየትኛው ጉልበት? ታክሲው ጨርሶት!»

እውነቴን ነው። ኦክላንድ ውስጥ መሪ ይዞ ያረጀ ወገብ ቆሞ ሊጥ ማሸት አይወድም። የማውቀው ጣልያንኛም ከጋራዥ የወጣ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ። ሴትዮዋን ላስደስት ብዬ ሦስቱንም ደረደርኩላት። በመስኮት አሮጌ መኪናዋን አየት አድርጋ በተስፋ ፈገግ አለች።

በመጨረሻ ምሳ ደረሰ። መጀመሪያ ለየሰዉ ለመቅመሻ የምታህል ፓስታ ቀረበች። ቀጥላ ሴትዮዋ ትልቁን ሳህን ይዛ መጣችና «ልጨምርልህ?» አለችኝ፤ ልጄ ተረጎመችልኝ። እኔም እንዳሳደጉኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «በቃኝ፣ ተባረኪ» አልኩ። ደንቡ የታወቀ ነው። እሷ «በሞቴ!» ትላለች፣ እኔ «ኧረ በልቻለሁ» እላለሁ፣ እሷ ትቆጣለች፣ እኔ ተሸንፌ እበላለሁ። ሴትዮዋ ግን እሺ ብላ አለፈች። አጠገቤ የተቀመጠው ጎብኚ «አዎ» ብሎ የእኔንም ድርሻ ወሰደ።

ልጄ ፊቴን አይታ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ርቦሃል እንዴ?»

«ኧረ በልቻለሁ።»

«አባዬ!»

«እየሞትኩ ነው።»

«ታዲያ ለምን ኖ አልካት?»

«መቼ ለመነችኝ?»

ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ድንገት ቆመ። «ዌይት። ምግብ ላምጣልህ ብዬ ኮል ሳደርግልህ 'በልቻለሁ' የምትለኝስ?»

ጣሪያውን አየሁ።

«ኦ ማይ ጋድ! ሙቭ አድርግ ስልህ ኖ የምትለኝም እንድለምንህ ነው?»

«እሱ እንኳ የምሬን ነው!»

«በሞቴ፣ አባዬ!» አለች፤ የልመናውን ቃል እኔው ላይ ጣለችብኝ።

ዕድሜ ልኬን እምቢታዬን ለይሉኝታ ሳባክን ኖሬ፣ ለቁም ነገር ስፈልገው አለቀብኝ። በአፌ ልረታት እንደማልችል ገባኝ፤ የቀረኝ እጄ ነበር። ሌሎቹ ወይን ሊቀምሱ ሲወርዱ እዚያው ቀርቼ አዲስ ዱቄት ከመርኩ። ሴትዮዋ መዳፌን ይዛ እንዴት እንደሚገፋ አሳየችኝ። ትከሻዬ ዛለ፣ ሊጡ ግን እሺ አለ።

ማምሻውን ስንሰናበት እኔ ያሸሁትን ፓስታ ቀቅላ በጎድጓዳ ሳህን ሞልታ ሰጠችኝ፤ ሳህኑን በማግስቱ ስናልፍ እንድንመልስላት ተስማማን። ያን ጊዜ «ኧረ ተይ» አላልኩም፤ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። በማግስቱ አውቶቡሱ በሌላ መንገድ ወሰደን።

ፍሩትቬል ከተመለስን በኋላ ልጄ ለፈተናው መጣች። ከጠዋት ጀምሬ ሊጥ ሳሽ ውዬ በዚያው ሳህን አቀረብኩላት። አንድም ሳታስቀር በላች።

«ልጨምርልሽ?»

«ኖ፣ ጠግቤያለሁ።»

«በሞቴ!»

«አባዬ፣ የእኔ ኖ እኮ ኖ ነው» አለች። ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «እሺ፣ ትንሽ ብቻ።»

እሱንም ጨርሳ አፏን ጠረገች። «በቃ፣ እዚሁ ኑር። ምግብ ላምጣልህ ወይ የሚለውን ግን ከእንግዲህ ደጋግሜ ነው የምጠይቅህ።»

«ኧረ አያስፈልግም» አልኩ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ወንበሩ ላይ ተዘርሬ።

ሳህኑ አሁንም እኔ ዘንድ ነው። የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ምን ሞልቼ እንደምልክላት ደግሞ እስከ ዛሬ አልቆረጠልኝም። ሽሮ ልላክላት እላለሁ፣ ከዚያ ይደክመኛል። ሴትዮዋ እንደሁ ሳህኗን ብትጠይቀኝም አንዴ ብቻ ነው የምትጠይቀው።