በትር የሌለው አይነሳም

ክረምት ሲገባ የጨፋ ረግረግ በቅሎ ይውጣል። በደርግ ዘመን ከከሚሴ በታች፣ ከአስፋልቱ እስከ ጥጥ እርሻው መንደር ድረስ ሦስት ኪሎ ሜትር ጭቃ ነበር። የመንደሩ ሰው ግን ጫማው ሳይርስ ይሻገረው ነበር። የሚያሻግረው ኑርሁሴን ነው።

ኑርሁሴን ድሬዳዋ ምድር ባቡር አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቶ የተመለሰ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ቀጭን ሰው ነበር። እርሻው በተወረሰ ጊዜ የድሮው ባለቤት ጥጥ ያመላልስበት የነበረውን ጠባብ ሐዲድ ሣር ውጦት አገኘው። ሣሩን አጨደ፤ ከሐዲዱ ሥር የበሰበሰውን እንጨት በግራር ተካ፤ ሁለት የጥጥ ጋሪዎች ላይ አግዳሚ ወንበር መታ፤ ከተጣሉ የውሃ መሳቢያ ሞተሮች ሁለቱን አስነሥቶ ገጠመላቸው። እያንዳንዱ ባቡር ስምንት ሰው ከነዶሮው ይጭናል። አንዱን እሱ፣ ሌላውን ሰዓዲያ የምትባል የመንደሩ ልጅ ትነዳለች። ማታ የእሱ አስፋልቱ ዳር፣ የእሷ መንደሩ ውስጥ ያድራል።

መስመሩ ግን አንድ ነው፤ ከሁለቱ ጫፎች በቀር መተላለፊያ የለውም። ስለዚህ አንድ ሕግ ወጣ፦ የነሐስ ቀለበት የተደረገበት የወይራ በትር አለ፤ እሱን ያልያዘ ባቡር አይነሳም። በትሩ ሰዓዲያ ዘንድ ያድራል። ጠዋት ይዛው ትመጣለች፤ ኑርሁሴን ከእሷ ተቀብሎ ይሄዳል።

በሰባ አራት ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ጓድ መርዕድ የሚባል ሹም ከደሴ መጣ። ሥራ የፈታ ብረት እየመዘገበ የሚያስነቅል ሰው ነው። «ከሠራ ይቀራል፤ ካልሠራ ይነቀላል» አለና የኑርሁሴን ባቡር ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። «በል፣ ንዳው!»

«ሰዓዲያ ትምጣ፣ ጓድ።»

አንድ ሰዓት አለፈ። ሰዓዲያ የለችም።

«ባትመጣስ?»

«መንገድ ላይ ብትሆንስ? ዋርካው ጋ መታጠፊያው አያሳይም። ግንባር ለግንባር ነው የምንገናኘው።»

«እንግዲያው አይሠራም ማለት ነው» አለ ሹሙ፤ ብዕሩን አወጣ።

የኑርሁሴን እጅ ወደ ሞተሩ ሄደ። አንዴ ቢያስነሣው ሐዲዱ ይተርፋል። ያ ሐዲድ ባይኖር ክረምት የምታምጥ ሴት በቃሬዛ እንዴት ትወጣለች? ደግሞ ያቺ ልጅ ስምንት ሰው ጭና እየመጣች ቢሆንስ? እጁን መለሰ።

«ጓድ፣ ከፈለጉ ይጻፉ። እኔ በእግሬ ሄጄ አያለሁ።»

ሹሙ እልህ ይዞት ተከተለው። በሐዲዱ ላይ እንጨት ከእንጨት እየዘለሉ ረግረጉን አቋረጡ፤ መሐል ያለውን ድልድይ አለፉ፤ ዋርካውን ዞሩ። የሹሙ አንድ ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ኑርሁሴን በእጁ አወጣለት።

መንደሩ ሲደርሱ የሰዓዲያ ባቡር ቆሟል። ስምንቱም ተሳፋሪዎች ተቀምጠዋል፤ አንድም የወረደ የለም።

«አካም ቡልቴ፣ አያ ኑርሁሴን» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችው ሰዓዲያ አንገቷን ደፍታ። «ሼህ ሙሀመድኑር አራስ ሊመርቁ መጡ። ሽማግሌ ባዶ እጁን ይመርቃል? በትሩን ሰጠኋቸው። መርቀው ሲጨርሱ በቅሏቸው ላይ ወጡና ይዘውት ወደ ሰንበቴ ከተማ ሄዱ።»

«መልሱልኝ አትያቸውም?» አላት ኑርሁሴን።

«ኧረ ነውር ነው! የመረቁበትን?»

ሹሙ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞረ። «ታዲያ ለምን አትሄዱም? ማን ያያችኋል?»

ዶሮ ያቀፉት እመት ዘሊካ ተቆጡ። «አንተ ልጅ፣ በትሩ መች መጣ?»

ሹሙ ከአጥር ላይ ጭራሮ ነቀለ። «ይኸው በትር፤ ሂዱ!»

«አይሆንም፣ ጓድ» አለ ኑርሁሴን። «ነገ ያኛው ሲመለስ ሁለት በትር ይሆናል። በሁለት በትር ሁለት ባቡር ይነሳል።»

ሹሙ ጭራሮውን ይዞ ጥቂት አሰበ፤ ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። «የእኛ መሥሪያ ቤት በር ላይ ዘበኛ ቆሞ እንኳ ሰው ይሾልካል!»

ይኼኔ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። ሼሁ በትሩን ከፍ አድርገው ተመለሱ። «አንቺ ልጅ፣ መንገድ ላይ ቀለበቱ ሲንቃጨል ነው የነቃሁት! ወላሂ፣ ሰው ሁሉ አስቁመሻል። ምነው ዝም አልሽ?»

ሰዓዲያ በትሩን ተቀብላ ሞተሩን አስነሣች። ተሳፋሪዎቹ ተጠጋግተው ለሹሙና ለኑርሁሴን ቦታ ሰጧቸው። ሹሙ በትሩን ልያዝ ብሎ ለምኖ፣ ሦስቱንም ኪሎ ሜትር ጉልበቱ ላይ አጋድሞ እንደ ሕፃን ታቀፈው። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ እጅ ነሥቶ መንገዱ ዳር ያቆመው ላንድሮቨር ውስጥ ገባ። መኪናው ተነሣ።

ሰዓዲያ ኑርሁሴንን አየችው። ኑርሁሴንም አያት። ከዚያ በባዶ እግሩ መኪናውን አባረረ።

«ጓድ! ነውር ቢሆንም በትሩን!»

መኪናው ቆመ። በትሩ በመስኮት ወጣ። ሹሙ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ኑርሁሴን እያየው፣ «በሥራ ላይ ያለ፤ አይነቀል» ብሎ ጻፈ።

ኑርሁሴን በትሩን ይዞ ተመለሰ። አሁን ተራው የእሱ ነበር።