ቀጥ ያሉት የአግዳሚ እግሮች

ባለፈው ሳምንት የእንጨት ሥራ የሚማር የጎረቤቴ ልጅ የወንበር ንድፍ በስልኩ አሳየኝና «ጋሼ፣ እግሮቹን የሚያያይዘውን ይኼን ማገር አወጣሁት፤ ጥቅም የለውም» አለኝ። ሳቄ መጣ። የሳቅኩት ግን በልጁ አልነበረም። በእሱ ዕድሜ እኔም ጥቅም የሌለውን ለይቼ የማወጣ ሰው ነበርኩ፤ ያወጣሁት ነገር ለምን ይጠቅም እንደነበር ለማወቅ ግን ሳምንት ሙሉ ስዞር ከርሜያለሁ።

ጊዜው መንግሥት የተለወጠበት ሰሞን ነው። ተዘግተው የኖሩት የወንጌላውያን ቤተክርስቲያኖቻችን ተከፍተው፣ በሶዶ ዙሪያ ከበዴሳ እስከ ቦምቤ ሰው ሁሉ መቀመጫ ይፈልጋል። እኔ ከአዋሳ የስድስት ወር ሥልጠና ወስጄ፣ ጆሮዬ ላይ እርሳስ ሰክቼ ሶዶ ጋሽ ወልዴ ቤት ተቀጠርኩ። እርሳሱን የማወርደው ስተኛ ብቻ ነበር። ጋሽ ወልዴ አባታቸው ከጉራጌ አገር የመጡ አናጢ ናቸው። አግዳሚያቸው ዘወትር አንድ ዓይነት ነው፤ መደገፊያ የሌለው ረጅም ጣውላ፣ ከሥሩ እንደተወለደ ጥጃ ወደ ውጭ የተንፈራጠጡ አራት እግሮች። እነሱን አጋድሞ መጋዝ፣ ቀዳዳውን አጋድሞ መፈልፈል ግማሽ ቀን ይበላል።

«ጋሽ ወልዴ፣ እግሩ ለምን ተንፈራጠጠ?»

«አስተማሪዬ እንዲህ ነበር የሚሠራው።»

«እሱስ ለምን እንዲህ ሠራው?»

«ሂድና ጠይቀው። መቃብሩን አሳይሃለሁ።»

እኔ በአራቱ እግሮች ፈንታ ሁለት ቀጥ ያሉ ሳንቃዎችን፣ ከመቀመጫው ጠበብ አድርጌ፣ ከሥር አቆምኩ። እሳቸው አንድ በሚሠሩበት ጊዜ ሦስት ይወጣል። ስምንት ሆነን ተቀመጥንበት፤ ዘለልንበት፤ ንቅንቅ አላለም። «የተማርከው አንተ ነህ» አሉ ጋሽ ወልዴ፤ ምርቃት ይሁን ሌላ አልለየሁትም።

እኔ የማመልክባት ቤተክርስቲያን ለዓመታዊ ጉባኤ ስልሳ አግዳሚ አዝዛን ነበር። ስድስቱ ቀድመው ይታዩ፣ ከተወደዱ የቀረው ይቀጥል ተባለ። ጋሽ ወልዴ ለስልሳውም የሚሆን ዋንዛ አስጭነው ግቢውን ሞልተውታል። እሑድ ከአግዳሚዎቼ በአንዱ ፊት ከሰው ጋር ተንበርክኬ ጸለይኩ። «አሜን» ሲባል ጓ! አለ። ዓይኔን ስገልጥ ሦስቱ ተገልብጠዋል፤ አንዲት እናት ጉልበታቸውን ይዘዋል።

ምን ሆኖ ነው? አንዱ «ልጆች ገፍተውት ነው» አለ። ሌላው «ወለሉ ነው»፣ አንዷ ደግሞ «ሰይጣን ነው፣ ጸሎቱ ስለጠነከረበት» አለች። ሁሉም ምስክር ነው፤ ሁሉም ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

የቤተክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ መምህር ላሊሶ ጠሩኝ። «እስከ እሑድ ምክንያቱን ንገረን። ካልሆነ ሻንቶ ከተማም አናጢ አለ።»

ያ ሳምንት ዝናብ ነበር። ዳሞታ ተራራ ደመና ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሏል፤ እኔም እንደሱ። ቀይ ጭቃውን እየረገጥኩ ሄጄ ወለሉን በውኃ ልክ ለካሁ፤ ደልዳላ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፣ ቆምኩ፤ አልወደቀም። አንዱን በአህያ ጋሪ ጭኜ ሱቅ መለስኩት፤ እንደ በሬ ቆሞ አየኝ። እናቴ የቀቀለችው የቦዬ ሥር በበርበሬ ዳጣ ቀርቦልኝ ማቃጠሉን እንኳ ልብ አላልኩም።

«ጋሽ ወልዴ፣ እባክዎ ምን ይመስልዎታል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኛ ቆመን ነው የምናስቀድሰው።»

ይህን ሲሉኝ እንኳ አልገባኝም።

እሑድ አማራጭ ስላልነበረኝ ኃጢአት ሠራሁ፤ በጸሎት መሃል ዓይኔን ከፈትኩ። ሰው ሁሉ እንደ ልማዳችን ፊቱን ወደ አግዳሚው አዙሮ፣ ተንበርክኮ፣ ክርኑን ጣውላው ላይ አሳርፏል። «አሜን» ሲባል ከፊቴ መደዳ ያሉት እማማ አልታዬ ሁለት መዳፋቸውን ጠርዙ ላይ ተጭነው ለመነሳት ሞከሩ። መደዳው ሁሉ አብሮ ተጫነ። ጠርዙ ከጠባቧ ሳንቃዬ አልፎ ባዶ ላይ ነውና አግዳሚው በማዶ በኩል ብድግ አለ። ዘልዬ ያዝኩት። ቀና ስል መምህር ላሊሶ አፍጥጠው እያዩኝ ነው።

ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ጠበቁኝ። «ምክንያቱን አገኘህ?»

«አዎ መምህር። ስንነሳ ጠርዙን እንጫናለን። የተንፈራጠጠው እግር ለዚያ ነበር።»

«ዓይንህን ጨፍነህ እንዴት አየኸው?»

«እርስዎስ እኔን እንዴት አዩኝ?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በል እግሩን አንፈራጥጠው» አሉ ቀስ ብለው፤ «የስልሳውንም።»

እስከ ዛሬ ግራ የሚገባኝ እንጨቱ አይደለም። በልጅነቴ፣ ቤተክርስቲያኑ ሳይዘጋብን በፊት፣ ከተከፈተም በኋላ በየእሑዱ ያንን ጠርዝ ተጭኜ የተነሳሁት ራሴ ነኝ። ወለሉን ጠየቅሁ፣ ውኃ ልኩን ጠየቅሁ፣ የገዛ መዳፌን ግን ሳልጠይቅ ቀረሁ። ታዲያ እርሳሱ ያረፈበት ጭንቅላት ምን ይሠራ ነበር?

አሁን ጉልበቴ አልታጠፍ ስላለኝ ተቀምጬ ነው የምጸልየው። ዙሪያዬን ሁሉ ሰው አቀርቅሮ ሲያንሾካሹክ፣ ከዚህ ሁሉ መሃል በእውነት የጨፈነው ስንቱ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ማወቂያው መንገድ አንድ ብቻ ነው። እስካሁን አራት ሰው ይዣለሁ፤ እነሱም ይዘውኛል።